ትልቅ የሞተር ውድድር በቦታው ተገኝቶ ለመመልከት የትኛውን መምረጥ ይሻላል?

የሞተር ውድድርን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ውድድሩን በሙሉ ያያል፤ ካሜራው ከመሪው ወደ ተከታዩ፣ ከተከታዩ ወደ ጎማ መቀየሪያው እየተዘዋወረ ዋና ዋናውን ያቀርብለታል፤ ተንታኙም ከዓይኑ ያመለጠውን ያስረዳዋል። በቦታው የተገኘ ተመልካች ግን ከፊቱ ካለው ጥቂት መቶ ሜትር መንገድ በስተቀር የሚያየው የለም። በምትኩ የሚያገኘው ካሜራ ሊያሳይ የማይችለውን ነው፦ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ያ ሁሉ ፍጥነት በአንድ አፍታ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ዳገቱ ምን ያህል ቀጥ ያለ እንደሆነ፣ የሞተሩ ድምፅ ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚያስተጋባ። ይህን ልውውጥ ሳያመዛዝኑ ትኬት የሚገዙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቅር ተሰኝተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ምርጫው «የትኛው ውድድር ይበልጥ ዝነኛ ነው?» ከሚለው ሳይሆን «ከምሆንበት ቦታ መኪኖቹ ስንት ጊዜ፣ ምን ሲያደርጉ ይታዩኛል?» ከሚለው ጥያቄ ቢጀምር ይመረጣል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት ውድድሮች ሁሉ ስመ ጥር ቢሆኑም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ እጅግ የተራራቀ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መኪኖቹ ስንት ጊዜ በፊትዎ ያልፋሉ?

በፎርሙላ ዋን ደንብ መሠረት የአንድ ውድድር ርቀት 305 ኪሎ ሜትርን የሚያልፍ ትንሹ የዙር ብዛት ነው፤ ሞናኮ ብቻ በልዩ ሁኔታ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጠቅላላ ርቀቱ ተቀራራቢ ስለሆነ የዙሮቹን ቁጥር የሚወስነው የሜዳው ርዝመት ነው። የቤልጂየሙ ስፓ ፍራንኮርሻምፕ 7.004 ኪሎ ሜትር በመሆኑ እያንዳንዱ መኪና ከተመልካቹ ፊት የሚያልፈው 44 ጊዜ ብቻ ነው፤ 5.793 ኪሎ ሜትር የሆነው የጣሊያኑ ሞንዛ 53 ጊዜ፣ 5.891 ኪሎ ሜትር የሆነው የእንግሊዙ ሲልቨርስቶን 52 ጊዜ ያሳያል። የሞናኮ ዙር 3.337 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ መኪኖቹ 78 ጊዜ ይመላለሳሉ፤ አንዱን ዙር ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርሱም መኪኖቹ ከተበታተኑ በኋላ መንገዱ ባዶ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ እምብዛም የለም።

ከፎርሙላ ዋን ውጭ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በአሜሪካው ኢንዲያናፖሊስ 500 ሠላሳ ሦስት መኪኖች 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ሞላላ ሜዳ 200 ጊዜ ይዞራሉ። በፈረንሳዩ ሌ ማን 62 ያህል መኪኖች 13.626 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ሜዳ ላይ ለ24 ሰዓታት ይሽከረከራሉ። በማን ደሴት በሚካሄደው ቲቲ የሞተር ብስክሌት ውድድር የአንዱ ዙር ርዝመት 60.7 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ረጅም በሚባለው ውድድር እንኳ አንድ ተወዳዳሪ ከአንድ ቦታ የሚታየው ቢበዛ ስድስት ጊዜ ነው። በራሊ ደግሞ፣ ማለትም መኪኖቹ በተዘጉ መንገዶች ላይ ተራ በተራ ተለቀው ከሰዓት ጋር በሚፎካከሩበት ውድድር፣ መኪናው አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል፤ ያው መንገድ ከሰዓት በኋላ ከተደገመ ሁለት ጊዜ ይሆናል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና 100 ሜትሩን በ1.2 ሰከንድ ያቋርጣል፤ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሳያዞር መኪናው አልፎታል። ፍሬን ተይዞ ወደ ጠባብ መታጠፊያ በሚገባበት ቦታ ግን ያው መኪና ለብዙ ሰከንዶች ከዓይን አይጠፋም፤ አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር፣ ጎማው ሲቆለፍ፣ የኋለኛው መኪና ለመቅደም ወደ ጎን ሲወጣ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ በደህና መታጠፊያ ላይ 44 ጊዜ ማየት በመጥፎ ቀጥታ መንገድ ዳር 78 ጊዜ ከማየት ይበልጣል።

የፎርሙላ ዋን ሜዳዎች

ሞናኮ ከ1929 ጀምሮ በከተማ ጎዳናዎች ላይ የሚካሄድ ውድድር ሲሆን፣ ብዙ ሰው በሕልሙ የሚያስበው እርሱን ነው። መንገዱ ጠባብ፣ የዛሬዎቹ መኪኖችም ሰፋፊ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን መቅደም የሚችልበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በ2025 እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጎማ እንዲቀይር የሚያስገድድ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ስልቱን አወሳሰበው እንጂ በእኔ ዓይን በመንገዱ ላይ የሚታየውን ሰልፍ አላናጋውም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፦ የሞናኮ እውነተኛ ቀን ቅዳሜ ነው። የመነሻ ቦታ ማጣሪያው በሚካሄድበት ሰዓት እያንዳንዱ አሽከርካሪ ብቻውን፣ በሙሉ አቅሙ፣ ከብረት አጥሩ የጣት ስፋት ያህል ርቆ ሲነዳ ማየት የእሑዱን ሰልፍ ከማየት የበለጠ ያስደንቃል፤ የቅዳሜ ትኬትም ከእሑዱ ይረክሳል። መቀመጫ መግዛት ለማይፈልግ ሰው በቤተ መንግሥቱ አለት ሥር ያለው ሮሼ የተባለው ተዳፋት አለ፤ ወደቡንና የመጨረሻዎቹን መታጠፊያዎች ከላይ ያሳያል፤ ደህና ቦታ ለመያዝ ግን ገና ሲነጋ መድረስ ያስፈልጋል። በከተማዋ ውስጥ ማደር አቅም ለሚፈትነው ሰው በአቅራቢያዋ ባለችው የፈረንሳይ ከተማ በኒስ አድሮ በባቡር መመላለስ የተለመደ ነው። ለብዙ ዓመታት በሜይ መጨረሻ ይካሄድ የነበረው ይህ ውድድር ከ2026 ጀምሮ ወደ ጁን ስለተዛወረ የቆየ ምክር የሚከተል ሰው ቀኑን ያጣራ።

ሞንዛ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1922 በንጉሣዊ መናፈሻ ውስጥ የተሠራው ይህ ሜዳ ከረጃጅም ቀጥታ መንገዶችና ከጥቂት መታጠፊያዎች የተዋቀረ ሲሆን፣ በመነሻ ቦታ ማጣሪያ የዙር አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ264 ኪሎ ሜትር በላይ የተመዘገበው እዚሁ ነው። መሬቱ ለጥ ያለና በዛፎች የተሸፈነ በመሆኑ መቀመጫ በሌለው ትኬት የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው የአጥር ሽቦና የሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ ሞንዛ መቀመጫ ሊገዛለት ከሚገባቸው ሜዳዎች ቀዳሚው ነው፤ ከተቻለም በዋናው ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ መኪኖቹ ከከፍተኛ ፍጥነታቸው ወደ መጀመሪያው ጠባብ መታጠፊያ ፍሬን ይዘው በሚገቡበት አጠገብ። ውድድሩ ሲያልቅ የፌራሪ ደጋፊዎች ወደ መንገዱ ገብተው ከሽልማት መድረኩ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ይህን ለማየት ብቻ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ አይፈረድባቸውም።

መቀመጫ ሳይገዛ ብዙ ማየት ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምርጫ ስፓ ነው። ሜዳው በአርደን ደኖችና ኮረብታዎች ላይ ሽቅብና ቁልቁል ስለሚሄድ ተዳፋቱ ራሱ የተፈጥሮ መቀመጫ ይሆናል። ኦ ሩዥና ራዲዮን የተባሉት ተከታታይ መታጠፊያዎች በቴሌቪዥን ሜዳማ ይመስላሉ፤ በቦታው የቆመ ሰው መኪኖቹ ግድግዳ የሚወጡ ይመስለዋል። ጉድለቱ አየሩ ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ዝናብ ሲጥል በሌላኛው መንገዱ ደረቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2021 ተመልካቹ ለሰዓታት በዝናብ ሲጠብቅ ውሎ ያየው ነገር መኪኖቹ ፍጥነታቸውን ከሚገታው የደህንነት መኪና ኋላ ተሰልፈው ጥቂት ዙር ሲዞሩ ብቻ ነበር፤ ለተወዳዳሪዎቹም ግማሽ ነጥብ ተሰጥቶ ውድድሩ ተዘጋ። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር አሁን ባለው ውል መሠረት ስፓ በ2028 እና በ2030 የውድድር መርሐ ግብር ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ሲልቨርስቶን ከጦር አውሮፕላን ማረፊያ የተለወጠ፣ ነፋሻና ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ውድድር በሜይ 13 ቀን 1950 የተካሄደው እዚህ ነው። ለመቅደም የተመቹ ቦታዎች ቢኖሩትም ዋናው ሀብቱ ማጎትስና ቤኬትስ የተባሉት ተከታታይ ኩርባዎች ናቸው፤ አንድ መኪና በዚያ ፍጥነት ከግራ ወደ ቀኝ ሲገለባበጥ ማየት የሞተር ስፖርትን ለማይወድ ሰው እንኳ አንድ ነገር ይነግረዋል። ሲንጋፖር ደግሞ ከ2008 ጀምሮ በሌሊት የሚካሄድ የጎዳና ውድድር ሲሆን፣ በከተማ ባቡር የሚደረስበት፣ ትኬቱ የሙዚቃ ዝግጅቶችን የሚያካትት፣ ከሆቴል በእግር የሚመጣበት ነው። ሙቀቱና ወበቁ ከባድ ነው፤ ውድድሩም የሁለት ሰዓቱን ገደብ ሊነካ ምንም አይቀረው። ከአብሮ ተጓዦች መካከል ለውድድሩ ግድ የሌለው ሰው ካለ፣ ከሁሉም ይህ ይሻላል።

ሌ ማን፦ ውድድሩን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም ለሚፈልግ

ከ1923 ጀምሮ የሚካሄደው የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከላይ ከተዘረዘሩት ሁሉ የሚለየው ተመልካቹን ከአንድ ወንበር ጋር ስለማያስረው ነው። የፎርሙላ ዋን ተመልካች ቢበዛ ሁለት ሰዓት ስላለው ቦታውን ለቆ ለመሄድ ይሳሳል። የሌ ማን ተመልካች ግን ጁን ውስጥ ባለ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲጀመር ያያል፤ ከዚያ በኋላ ቦታ እየቀያየረ ይሄዳል፤ ይበላል፤ ይተኛል፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሲያልቅ ለማየት ይመለሳል። አጠቃላይ የመግቢያ ትኬቱ ይህን መዘዋወር የሚፈቅድ ስለሆነ መቀመጫ መግዛት እንደ ሌላው ቦታ አስፈላጊ አይደለም፤ የሚገዛ ሰው ቢኖር እንኳ ጥቅሙን የሚያገኘው በመነሻውና በመድረሻው ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የመኪኖቹ ዓይነት ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ምድቦች በአንድነት ይሮጣሉ፦ ሃይፐርካር የሚባሉት ፈጣኖቹ፣ ኤልኤምፒ 2 የሚባሉት ቀጣዮቹ፣ እንዲሁም ከመንገድ መኪኖች የተወለዱት የጂቲ 3 መኪኖች። ፈጣኖቹ ዘገምተኞቹን በየዙሩ ስለሚቀድሙ፣ ለመሪነቱ የሚደረገው ፉክክር የተቀዛቀዘ ቢሆን እንኳ በተመልካቹ ፊት ሁልጊዜ አንዱ ሌላውን እየቀደመ ነው። ድምፃቸውም ይለያያል፤ ጥቂት ሰዓት የቆየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚመጣው የየትኛው ፋብሪካ መኪና እንደሆነ ወደ መለየት ይደርሳል። ሌሊት ደግሞ የፊት መብራቶቹ በዛፎቹ መካከል ሲመጡ፣ የፍሬን ዲስኮቹ በጎማዎቹ ውስጥ ፍም ሲመስሉ ይታያል። ለዚህ ከሁሉ የሚመረጠው ከዋናው ሕንፃ ርቆ የሚገኘው የአርናዥ መታጠፊያ ነው፤ ወደዚያ የሚወስዱ አውቶቡሶች አሉ። ቀን ላይ በዳንሎፕ ድልድይ አካባቢ ያለው ተዳፋትና ቴርትር ሩዥ የተባለው መታጠፊያ ይበቃሉ።

ጉድለቱ ውድድሩን መከታተል ከባድ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ መኪና በሦስት አሽከርካሪዎች ስለሚነዳና ነዳጅና ጎማ ለመቀየር በየጊዜው ስለሚቆም፣ ከፊት ያለፈው መኪና መሪ ይሁን አምስተኛ በዓይን ብቻ አይታወቅም። የሬዲዮ ዘገባ ወይም የደረጃ ሰንጠረዥ የሚያሳይ ስልክ የሌለው ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውሉ ይጠፋበታል። ስልክ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ተጨማሪ የኃይል መያዣ መያዝ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

መኝታን በተመለከተ አብዛኛው ሰው በሜዳው ዙሪያ በተከፋፈሉት የድንኳን ሥፍራዎች ያድራል፤ እነዚህም ከመግቢያ ትኬቱ ተለይተው ስለሚሸጡና ቶሎ ስለሚያልቁ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በድንኳን ማደር የማይችል ሰው ከፓሪስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ፣ ከሌ ማን ጣቢያ በከተማው ትራም ወደ ሜዳው መድረስ ይችላል። ቀደም ብሎ ለሚመጣ ሰው ዓርብ ዕለት አሽከርካሪዎቹ በከተማው ጎዳናዎች የሚያደርጉት ሰልፍ አለ፤ የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪን በዚህ ርቀት ማየት ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው።

ኢንዲያናፖሊስ፣ ማን ደሴትና ሳፋሪ ራሊ

ኢንዲያናፖሊስ 500 ከ1911 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ ሜዳው ሩብ ሚሊዮን የሚደርስ መቀመጫ አለው። ብዙ ሰዎች ሞላላ ሜዳ አሰልቺ ይመስላቸዋል፤ አሽከርካሪዎቹ ወደ ግራ ብቻ የሚታጠፉ መሆናቸው ያስቃቸዋል፤ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ጎን ለጎን ወደ አንደኛው መታጠፊያ ሲገቡ ያዩ ሰዎች ግን አይስቁም። እዚህ የመቀመጫ ምርጫ ሕግ ከሌላው ይገለበጣል፦ ለመንገዱ የቀረበው ዝቅተኛ ረድፍ ርካሽም መጥፎም ነው፤ ምክንያቱም አጥሩ ይጋርዳል፤ መኪኖቹም እንደ ጥላ ብቻ ያልፋሉ። ከፍ ያለ ረድፍ፣ በተለይ መታጠፊያዎቹ ላይ፣ ከሜዳው ሰፊውን ክፍል ያሳያል። የሦስተኛው መታጠፊያ ውስጠኛ ክፍል የወጣቶች የሙዚቃ ድግስ የሚካሄድበት ስለሆነ ውድድሩን ለማየት የሄደ ሰው ይራቀው። ምግብና መጠጥ በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዞ መግባት የሚፈቀድ መሆኑ ከአውሮፓ ሜዳዎች ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ቁጠባ ነው፤ የሣጥኑ መጠን ግን ገደብ አለው። ዋናው ስጋት ዝናብ ነው፤ በሞላላ ሜዳ በእርጥብ መንገድ ላይ አይሮጥም። በ2024 ውድድሩ ለአራት ሰዓት ያህል ዘግይቷል፤ በ1997 ደግሞ የተጠናቀቀው በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነበር። ስለዚህ እሑድ ማታ የሚነሳ አውሮፕላን ትኬት መግዛት ቁማር ነው።

የማን ደሴት ቲቲ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት የሚዘልቅ፣ በ1907 የተጀመረ የሕዝብ መንገድ ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአንድነት አይነሱም፤ በ10 ሰከንድ ልዩነት እየተለቀቁ ከሰዓት ጋር ይፎካከራሉ። ስለዚህ ከፊት የሚያልፈው የግድ መሪው አይደለም፤ ሬዲዮ ያልያዘ ተመልካች የሚያየው ሞተር ብስክሌቶችን እንጂ ውድድርን አይደለም። በምትኩ አብዛኛውን ቦታ ያለ ክፍያ፣ በግንብ አጥር ላይ ወይም በሣር ላይ ተቀምጦ፣ በአማካይ በሰዓት ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጡ ሰዎችን በማይታመን ቅርበት ያያል። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ወዲያ ማዶ መሻገር ስለማይቻል የሚመረጠው ቦታ ምግብና መጸዳጃ ያለው ቢሆን ይመከራል። ጀልባውና ማደሪያው ከአንድ ዓመት አስቀድሞ የሚያዝ በመሆኑ በችኮላ የሚወሰን ጉዞ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሳይሸፋፈን መነገር አለበት፦ ይህ ሜዳ ከ200 በላይ ተወዳዳሪዎችን ገድሏል። በዓይኑ ፊት ሰው ሊሞት እንደሚችል ማሰብ የሚከብደው ተመልካች ሌላ ውድድር ቢመርጥ አያስነቅፈውም።

ሳፋሪ ራሊ በ1953 በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረ፣ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 የተመለሰ ነው። ዛሬ የሚካሄደው በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን ሄልስ ጌትና ስሊፒንግ ዋሪየር የተባሉት የውድድር መንገዶች የታወቁ ናቸው፤ ከ2024 ጀምሮ ወደ ማርች ስለተዛወረ ከአቧራው በተጨማሪ ጭቃ ሊጠብቅ ይችላል። የራሊ ተመልካች በቀን ውስጥ መኪኖቹን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ያሳልፈው በመንገድ ላይና በመጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ በጥገና ጣቢያው መካኒኮች መኪናውን በተወሰነ ደቂቃ ፈትተው ሲገጥሙ በቅርብ ማየት ይቻላል፤ ይህ በፎርሙላ ዋን በውድ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው። አጥር በሌለበት መንገድ ዳር የሚቆም ሰው ደህንነቱን ራሱ ይጠብቃል፦ ከመታጠፊያው ውጫዊ ጎን አይቆምም፤ ከመንገዱ ዝቅ ባለ ቦታ አይቀመጥም፤ የአስተናባሪዎቹን ቃል አይከራከርም። በ1986 በፖርቱጋል ራሊ አንድ መኪና ሕዝብ መካከል ገብቶ ሦስት ተመልካቾችን መግደሉ ይህ ማስጠንቀቂያ ለወግ የሚነገር አለመሆኑን ያሳያል።

በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም የማይነሳው ሞቶ ጂፒ የተባለው የሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ ሊነሳ ይገባው ነበር። በአንድ እሑድ ሦስት ምድቦች ይወዳደራሉ፤ ከ2023 ጀምሮ ቅዳሜም አጭር ውድድር ስላለ የሁለት ቀን ትኬት የገዛ ሰው ባዶ ቀን የለውም። የቫሌንሲያው ሪካርዶ ቶርሞ ሜዳ እንደ ስታዲየም የተሠራ በመሆኑ ከብዙዎቹ መቀመጫዎች መላው መንገድ ማለት ይቻላል ይታያል። ውድድሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ ዓይኑ መከታተል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚስተካከል አላውቅም።

ከየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ቀን?

ውድድሩ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መቀመጫ ነው። በመነሻው ፊት ለፊት ያለው ትሪቡን ከሁሉ ውድ ነው፤ ጅማሬውን፣ የጎማ ቅየራውንና ሽልማቱን ያሳያል፤ በቀረው ሰዓት ግን መኪኖቹ በሙሉ ፍጥነት ሽው ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ገንዘቡ የሚሄደው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከረጅም ቀጥታ መንገድ ቀጥሎ የሚመጣው ጠባብ መታጠፊያ በአብዛኛው ከዚህ ይረክሳል፤ መኪኖች የሚቀዳደሙትም እዚያ ነው። ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር መመርመር ይገባል፦ ከወንበሩ ፊት ለፊት ግዙፍ ስክሪን መኖሩ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ፣ ረድፉ ከአጥሩ በላይ መሆኑ። ከሦስቱ ስክሪኑ ይበልጣል፤ ያለ እርሱ በሌላው የሜዳ ክፍል ምን እንደተፈጠረ የሚታወቀው ከሰው ጩኸት ብቻ ነው። የእንግዳ ክፍል የሚባለው የምግብና የመጠጥ ጥቅል ለንግድ ግብዣ ካልሆነ በስተቀር ዋጋውን አያወጣም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም በመስታወት ውስጥ ስለሆኑ ድምፁን ይቀንሳሉ።

መቀመጫ የሌለው ትኬት ዓርብ ዕለት ከመቀመጫ ይሻላል። ሕዝቡ ጥቂት ስለሆነ ሜዳውን በእግር ዞሮ እያንዳንዱን መታጠፊያ ማየት ይቻላል፤ ለቀጣዩ ዓመት የት መቀመጥ እንደሚገባም የሚታወቀው እንዲህ ነው። በዓመት ስድስት በሚሆኑት የፎርሙላ ዋን የስፕሪንት (ተጨማሪ አጭር ውድድር ያለባቸው) ሳምንታት ግን ዓርብ አንድ ልምምድ ብቻ ኖሮት ወዲያው የስፕሪንት ማጣሪያ ይከተላል፤ ቅዳሜም አጭሩ ውድድር ይካሄዳል። እንዲህ ባለ ሳምንት የሦስቱም ቀን ትኬት ዋጋውን ያወጣል።

የጆሮ መከላከያ በሁሉም ውድድር ያስፈልጋል። ከ2014 ወዲህ ያሉት የፎርሙላ ዋን ሞተሮች ከቀደሙት ይልቅ ዝግ ያሉ ቢሆኑም ለሰዓታት ሲሰሙ ጆሮ ይጎዳሉ፤ በሌ ማን ደግሞ ድምፁ ቀኑንና ሌሊቱን አይቋረጥም። ለሕፃናት የሚሆነው በጆሮ ላይ የሚደፋው ዓይነት ነው፤ ትንንሾቹን መሰኪያዎች አውጥተው ይጥሏቸዋል።

ትኬቱና ማደሪያው

ብዙ ሰው ትኬቱን ገዝቶ ማደሪያ መፈለግ ይጀምራል፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በስፓ፣ በሌ ማንና በማን ደሴት ቀድሞ የሚያልቀው ትኬት ሳይሆን አልጋ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ቀን እንደተገለጸ ሊሰረዝ የሚችል ክፍል መያዝ፣ ከዚያ ትኬት መግዛት፣ ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ሁለቱን ይዞ ማመልከት ይመረጣል። ሞናኮ በፈረንሳይ በኩል የሚገባባት ስለሆነች የሼንገን ቪዛ ይበቃታል፤ ሲልቨርስቶን ግን የብሪታንያ ቪዛ ይጠይቃል።

ትኬት ከሜዳው ወይም ከአዘጋጁ መግዛት፣ ወይም በእነርሱ ከታወቀ ወኪል መግዛት ይገባል፤ ከሌላ ሰው እጅ የሚገዛ ወንበር በየትኛው ረድፍ እንደሆነ እንኳ አስቀድሞ አይታወቅም። ከመክፈል በፊት የመመለሻ ደንቡን ማንበብ የማይታለፍ ነው። በ2020 የአውስትራሊያ ውድድር የተሰረዘው ሕዝቡ በሮቹ ላይ ተሰልፎ ሳለ በዓርብ ጠዋት ነበር፤ በ2023 የጣሊያኗ ኢሞላ ውድድር በጎርፍ ምክንያት በዚያው ሳምንት ተሰርዟል፤ በዚያው ዓመት በላስ ቬጋስ የመጀመሪያው ልምምድ አንድ የጉድጓድ ክዳን ተነቅሎ መኪና ስላበላሸ በደቂቃዎች ውስጥ ቆሟል፤ ሁለተኛው ልምምድ በሌሊት ከመጀመሩ በፊትም ተመልካቹ ከሜዳው እንዲወጣ ተደርጓል። ሙሉ ስረዛና «መኪኖቹ ወጥተዋል» ተብሎ የሚታለፍ ቀን በደንብ ዓይን አንድ አይደሉም፤ የ2021ዱ የስፓ ውድድር በይፋ የተካሄደ ውድድር ሆኖ ነው የተመዘገበው። ደንቡ «ውድድሩ ከተጀመረ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ከሆነ፣ ስንት ዙር ሲሮጥ ተጀመረ እንደሚባል የሚገልጸውን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።